ለሣር የሚራራው ካፒቴን

ፖርትስኬል ውስጥ ኢነስ ማካይን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። ትናንት የመጣውም ቢሆን የጎልፍ ሜዳውን ከረገጠ ሳይውል ሳያድር ያውቀዋል። ኳሱን መትቶ፣ ሣሩን ከነአፈሩ ገሽልጦ፣ ሳይመልስ ሊሄድ ሲል ከኋላው “አንድ ነገር ረስተሃል፣ ወዳጄ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ዞር ሲል ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው በባሕር ነፋስ የቀላ ሰው በአንድ እጁ የአሸዋ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ በሌላው የተገሸለጠውን ሣር እንደቆሰለ ወፍ አቅፎ ቆሟል። ኢነስ ማለት እሱ ነው፤ የሜዳው ጠባቂ።

ፖርትስኬል በስኮትላንድ ሰሜን ዳርቻ፣ በተራራና በባሕር መካከል የተወሸቀች መንደር ናት። የኢነስ አባት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ኢነስ ግን ወደብ ላይ የታሰረች ጀልባ ገና ሲያይ የሚያስመልሰው ልጅ ሆነ። አባትየው ደጋግመው ይዘውት ወጡ፤ ደጋግሞ መረባቸው ላይ አስመለሰ። በመጨረሻ “ይሄ ልጅ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ይሥራ” ብለው ለሽማግሌው የሜዳ ጠባቂ አስረከቡት።

ሽማግሌው መጀመሪያ ያስተማሩት ምላጭ መሳል ነው። የማጨጃው ምላጭ የጋዜጣ ወረቀት እንደ መቀስ ካልቆረጠ ሣር አይነካም፤ የዶለዶመ ምላጭ ሣሩን ይነጨዋል እንጂ አያጭደውም፣ የተነጨ ሣር ደግሞ ጫፉ ቢጫ ይሆናል። ቀጥሎ ጤዛ ማራገፍ አስተማሩት። ማለዳ በረጅም ቀጭን ዘንግ የሣሩን አናት እየዳበሱ ጤዛውን መጣል ነው፤ ጤዛ ያረፈደበት ሣር በሽታ ያገኘዋልና። ከዚያ ማዕበል የተፋውን የባሕር አረም በጋሪ ሰብስቦ፣ አበስብሶ፣ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ማዳበሪያ ማድረግን። ሽማግሌው ሲሞቱ ማጨጃው፣ ዘንጉ፣ ሜዳውን የሚቆፍሩት ጥንቸሎችና በብርድ ወራት ሜዳው ላይ የመጋጥ የቆየ መብት ያላቸው የመንደሩ በጎች ሁሉ ለኢነስ ተረፉ።

ሜዳው የተወደደ ነው። ከሰባተኛው መነሻ፣ ኳስ መምታት ከሚጀመርበት መደብ ላይ፣ ቆሞ ወደ ታች ያየ እንግዳ ሁሉ ዱላውን ጥሎ ካሜራውን ያወጣል። በስተቀኝ ባሕሩ ድንጋይ ሲልስ፣ በስተግራ ቢጫ አበባ ያፈነዳው የእሾህ ቁጥቋጦ ኮረብታውን ወርቅ አልብሶት፣ ከማዶ አናቱ ላይ በረዶ የቀረው ተራራ፣ በመካከል እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ የሚታጠፍና የሚነሣ አረንጓዴ። ከጃፓን የመጣ አንድ ሰው እዚያው ቆሞ እንባው መጣ ይባላል። ኢነስ አጠገቡ ነበር። “ያ ሁሉ ውሃ ጨው ነው” አለው፣ “ነፋሱ ከዚያ ሲመጣ ሣሬን ያቃጥለዋል።” ቁጥቋጦውን የጥንቸል ሆቴል ብሎ ነው የሚጠራው። ተራራውንም ቢሆን ከኋላው ደመና መጣ አልመጣ ከማለት አልፎ አይቶት አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሄድ ዓይኑ ከጫማው ፊት ተነሥቶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ሚስቱ ዶሊና ብቻ የምታውቀው ሌላ ነገር ነበር። ኢነስ ጎልፍ መጫወት አይችልም።

በትክክል ለመናገር አንድ ጊዜ ኳስ መትቷል። ሥራ በጀመረ ሰሞን ሽማግሌው ዱላ አስይዘው እስቲ ሞክራት አሉት። ሞከራት። ዱላው ከኳሷ በፊት መሬቱን አገኘውና መዳፍ የሚያህል ሣር ተገንጥሎ ወጣ። ያን ሣር ጠዋት ጤዛውን ያራገፈለት፣ ባለፈው ሳምንት በባልዲ ውሃ ተሸክሞ ያጠጣው ራሱ ኢነስ ነው። ዱላውን አስቀመጠ፣ ሣሩን መለሰ፣ ዙሪያውን በተረከዙ ጠቀጠቀው። ከዚያ ወዲህ እጁ ወደዚያ ነገር አልሄደም። ዳቦ ጋጋሪ ዳቦው ሲገመጥ ቆሞ አያለቅስም፤ ኢነስ ግን የሚያለቅሰው ዓይነት ነው።

ደግሞ ዋሽቶም አያውቅም። መንደሩ ነው የዋሸለት። አንተ መቼ ነው የምትጫወተው ሲሉት “እኔ ሜዳ ላይ የምወጣው እናንተ ሳትነሡ ነው” ይላል። እውነት ነው፤ ሊያጭድ ነው የሚወጣው። ከዚያ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴት ጎህ ሲቀድ ከጉድጓድ ኳስ ሲያወጣ አየሁት አለች፤ ያወጣው የሞተ ጥንቸል ነበር። የአውቶቡስ ሹፌሩ ሮሪ ሮስ ደግሞ የኛ ጠባቂ ሜዳውን ከዳር እዳር በአንዲት ዱላ ብቻ ይጨርሰዋል ብሎ ለተሳፋሪ ሁሉ ሲምል ይውላል። ኢነስም በምክር አይታማም። ከግራ ያለችው ጉብታ ላይ ጣላት፣ ቁልቁለቱ ራሱ ያደርስልሃል ይላል፤ የተባለውን ያደረገ ሰው ይሳካለታል። ሰው መንገድ የሚያሳየውን ሁሉ የሄደበት ይመስለዋል።

አሁን የካፒቴኑ ምት የሚሉት ልማድ ይመጣል።

የፖርትስኬል ክለብ በየዓመቱ ካፒቴን ይሾማል። አዲሱ ካፒቴን በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ አንደኛው መነሻ ላይ ይቆማል። ከክለቡ ግድግዳ ላይ የሚወርድ፣ ከአያት ቅድመ አያት የቆየ፣ በር መዝጊያ የሚያህል ከባድ ብረት ዱላ ይሰጡታል። ኳሷን ያለ ማስቀመጫ፣ እንደ ድሮው፣ ሣሩ ላይ ያደርጋታል። የክለቡ ትንሿ መድፍ ስትተኮስ ይመታል። ኳሷን ተሻምቶ ያገኘ ሰው ከካፒቴኑ እጅ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ይቀበላል።

እስከዚህ ደግ ልማድ ነው። ክፋቱ ሰዉ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ኳሷን የፈለገ ሁሉ ትወድቅበታለች ብሎ በገመተው ቦታ ይቆማል። ሩቅ የቆመ ካፒቴኑን አክብሮታል። ቀረብ ያለ ንቆታል። አፍንጫው ሥር የቆመ ሰድቦታል፤ ያውም ቃል ሳይወጣው፣ በእግሩ ብቻ።

በእግር ስድብ ኢነስን የሚወዳደር አልተወለደም። ቄስ ፊንሌይ ካፒቴን የሆኑ ጊዜ ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ኮፍያውን እንደ ለማኝ ዘረጋ። ኳሷ ኮፍያው ውስጥ ገባች። ጠርሙሱን ወሰደ፤ ቄሱም የሚቀጥለውን እሑድ ስለ ፌዘኞች ወንበር ሰበኩ። ባንክ ቤት ይሠራ የነበረው አሊስተር ቤይን ተራው ሲደርስ ኢነስ ወንበር አምጥቶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ሻይ እየጠጣ ጠበቀው። የቤይን ኳስ ወንበሩ ድረስ እንኳ አልደረሰችም። ኢነስ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ አነሣት። ቤይን ሌላውን ሁሉ ይቅር ብሎ ይሆናል፤ ያችን ከወንበር መነሣት ግን ሊረሳት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ አጭር ነገር ሁሉ በቤይን ይለካል። ሻማው ሲያልቅ የቤይን ምት አህሏል ይባላል። ሱሪ ሲያጥርም እንዲሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ኢነስ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በኅዳሩ ስብሰባ፣ የክለቡ ጸሐፊ ወይዘሮ ኢና ብሬምነር ለካፒቴንነት ሰው ጠቁሙ አለች። ሮሪ ሮስ ከኋላ ተነሥቶ ለሜዳው ከኢነስ በላይ የለፋ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም ተባለ። እጅ ሁሉ ወጣ። የቤይን እጅ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ።

ኢነስ ግድግዳው ጥግ ቆሞ የአጃ ቂጣ በአይብ እየበላ ነበር። የአጃ ቂጣ ደግሞ አፍ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ሲሚንቶ ነው። አይሆንም ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ፍርፋሪ ነው። እጁን አወዛወዘ፤ ሰላምታ መሰላቸውና አጨበጨቡ። ሳለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወይዘሮ ብሬምነር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ካፒቴናችን በደስታ ብዛት መናገር ተስኖታል ብላ አወጀች። ሲወጡ ሮሪ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

“ወንበሬን ይዤ ነው የምመጣው፣ ኢነስ።”

ዶሊና እጇን ከሳሙናው ውሃ ሳታወጣ አዳመጠችው። ዓሣ በጢስ የሚደርቅበት ቤት ስትሠራ ነው የኖረችው፤ የማይሆን ነገር ላይ ጊዜ አታጠፋም።

“እና ምን አልካቸው?”

“አፌ ሞልቶ ነበር።”

“ዕድሜ ልክህን ክፍት ሆኖ የኖረ አፍ፣ ዛሬ ሞላ?”

ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው ወይ አላት። ንገራቸው አለችው፤ ከቄስ ፊንሌይ ጀምር፣ ቀጥሎ ወደ ቤይን ቤት ሂድ፣ ወንበርም ይሰጥሃል። ኢነስ ይህን ሲሰማ ተቀመጠ። የታየው ያ ቅዳሜ ነው፤ መንደሩ በሙሉ ወንበርና የሻይ ብርጭቆ ይዞ፣ ኮፍያውን ዘርግቶ፣ ጫማው ጫፍ ላይ ተኮልኩሎ። ሣሩን የሚረግጡት ብዛትም ታየው፤ እሱም ቀላል አልነበረም።

ዘዴውን ያመጣችው ዶሊና ናት። ችግርህ ሣሩ ከሆነ ሣር የሌለበት ቦታ ምታ አለችው። ባሕሩ ሲሸሽ ከአሸዋ ክምሩ ጀርባ ሰፊ ጠንካራ አሸዋ ይቀራል፤ ማንም አያየውም። ከእሾህ ቁጥቋጦው ሥር ባለፉት ዓመታት የለቀማቸውን የጠፉ ኳሶች በዓሣ ባልዲ ሞልታ ተሸከመች። እሱ የዛገ ብረት ዱላ በካፖርቱ ውስጥ ደብቆ እንደ ሌባ ተከተላት።

እዚያ ተአምር ሆነ። የኢነስ ክንድ ማጨጃ ሲገፋ የኖረ ክንድ ነው፣ ወገቡም ዘንግ ሲያወዛውዝ የኖረ ወገብ ነው። አሸዋ ደግሞ ቢቆርጡት አይቆስልም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኳሷ እየጮኸች ትሄድ ጀመር። አለት ላይ ተጋድመው ፀሐይ የሚሞቁት ጺማም የባሕር እንስሳት መጀመሪያ በንቀት ያዩት ነበር፤ አንዷ ኳስ ከመካከላቸው ካረፈች ወዲህ እሱ ሲመጣ ተንሸራተው ውሃ ይገባሉ። ዶሊና ይህን አይታ ከቤይን በልጠሃል አለችው። ኢነስ ያን ቀን እያፏጨ ገባ።

ሣር ላይ ሲመለስ ግን እንደ ድሮው ሆነ። ዱላው በአየር ላይ ያምራል፤ መሬት ሊደርስ ሲል እጁ ራሱ ይሸሻል። ኳሷን አናቷን ብቻ ይዳብሳታል፤ እሷም እንደ ታመመች ዶሮ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች።

“አሸዋ ነው በለው” አለች ዶሊና።

“ሣርን አሸዋ ነው በል ማለት፣ ቄስ ፊንሌይን ሰይጣን ጎረቤቴ ነው ይበሉ ማለት ነው።”

“እሳቸውስ ካንተ ጋር ስንት ዓመት ጎረቤት ናቸው።”

ቢጨንቀው ሌላ ዘዴ ፈጠረ። በብርድ ወራት ሣሩ እንዳይጎዳ ተጫዋቾች በትንሽ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ነው የሚመቱት። ኢነስ አንደኛው መነሻ ላይ ያለውን ምንጣፍ ውርጩ አላለፈም ብሎ እስከ ሚያዝያ ሊያቆየው ቆረጠ። ካፒቴኑም ምንጣፉ ላይ ይመታል፤ ፕላስቲክ አይደማም። በጎን ደግሞ ያ መነሻ ተጫዋች ሳይረግጠው ስለከረመ ኢነስ እጁን ሊሰበስብ አልቻለም። አሸዋ ነሰነሰለት፣ የባሕር አረም አበላው፣ ደቃቅ ዘር ጨመረበት፣ በየማለዳው ዳበሰው። ሚያዝያ ሲደርስ ያ መደብ ከከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ፣ ሰው ጉንጩን ሊያሳርፍበት የሚመኘው ሣር ሆነ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ አብቅሎ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የክት ኮቱን ለብሶ፣ ለሽልማት ያዘጋጀውን ጠርሙስ ይዞ ደረሰ። ጠርሙሱ ከቄስ ፊንሌይ የወሰደው ነው፤ ሳይከፈት ነበር። መነሻው ጋ ሲደርስ ምንጣፉ የለም። የአውራጃው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ስለሚመጣ ወይዘሮ ብሬምነር ያስነሣችው በጠዋት ነው።

“እንደዚህ ያለ ሣር እያለህ ፕላስቲክ ላይ ፎቶ ልትነሣ ነው?” አለችው። “ለራስህ ክብር ነው ያስነሣሁት።”

ኢነስ አመሰገናት። ድምፁ እንደ ኅዳሩ ስብሰባ ነበር።

ሰዉ መጣ። ሮሪ ሮስ የሚታጠፍ ወንበር ትከሻው ላይ አድርጓል። ቤይን ብርጭቆ ይዟል። ቄስ ፊንሌይ ሰፊ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ኳስ ቀርቶ ሐብሐብ ይይዛል። ኢነስ ጥርሱን ነክሶ ይምጡ ብሎ ጠበቀ። ይገባኛል ብሎም ነበር።

ሮሪ ግን አለፈ። ቄሱ በእሳቸው ጊዜ ኢነስ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ደርሰው ሳይቆሙ ቀጠሉ። ቤይን የራሱን የውርደት ቦታ አይቶ እንዳላየ ተሻገረው። ሰዉ ሁሉ መንገዱን አልፎ፣ የአሸዋውን ጉድጓድ አልፎ፣ እስከ ጅረቱ ዳር ሄዶ፣ በጣም ጎበዝ የሚባሉት ወጣቶች ብቻ ጥሩ ቀን ሲቀናቸው የሚደርሱበት ቦታ ተሰለፈ። ሮሪ ይባስ ብሎ ጅረቱን ዘሎ ከማዶ ወንበሩን ዘረጋና ተቀመጠ። ቄሱ ከእሱም ኋላ ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ጠበቁ። ይህ ሁሉ ዓመት በማለዳ ሲደብቅብን የኖረውን ዛሬ ያሳየናል ተባብለው፣ ቂማቸውን ሁሉ ትተው ነው የወጡት።

ለኢነስ ወንበር ቢያመጡ ይሻለው ነበር። የሰደበ ሰው ሲሰደብ ሂሳቡ ይዘጋል፤ አሁን ግን የሰደባቸው ሰዎች አክብረውት አንድ ላይ ርቀው ቆመዋል። ወዴት እንደሚያይ ስለጠፋው ወደ ላይ አየ። ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር። ቁጥቋጦው ኮረብታውን ሙሉ አበባ ሆኗል፤ ተራራው ላይ የደመና ጥላ ይሄዳል። ለካ ያ ጃፓናዊ እውነቱን ነው አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ ነፋሱ ከኋላዬ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ማታ ሣሩ ውሃ ይፈልጋል አለ።

ዓይኑን ሲመልስ ዶሊና ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊቱ፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ የዓሣ ቤቱን የጎማ ቦት አጥልቃ ቆማለች።

“ምን ልትሠሪ ነው እዚህ?” አላት በሹክሹክታ።

“ኳሴን እየጠበቅሁ ነው።”

“ሰው ያይሻል።”

“ሰው አገር አቋርጦ ሄዷል። ያ ጠርሙስ ደግሞ ከቤት ሊወጣ አይደለም።”

ኢነስ ኳሷን አስቀመጠ። ሣሩ ከሥሯ አልተኛም፤ ቀጥ ብሎ ተሸከማት። አየውና ዱላውን መልሶ ዝቅ አደረገው። ዶሊና አየችው።

“ኢነስ፣ ስማኝ። የሚነሣ ይነሣ። አብረን እንተክለዋለን።”

ወይዘሮ ብሬምነር ከመድፉ አጠገብ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ዓይኗን ጨፈነች። ፎቶ አንሺው አነጣጠረ። መድፉ ጓ አለ፤ መነሻውን ጢስ ሞላው። ኢነስም በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አልሰበሰበም። ያን በር መዝጊያ ዱላ ባለ በሌለ ኃይሉ አወረደው።

ዱላው ከኳሷ በፊት መሬቱን አገኘው። የእራት ሳህን የሚያህል ሣር ከነአፈሩ ተገንጥሎ ተነሣ፤ ከጢሱ በላይ ወጣ፤ ነፋሱ ደግፎት እየተሽከረከረ ሄደ። ኳሷ በዱላው ተረከዝ ተነክታ፣ ከተቀመጠችበት ተነቃንቃ፣ እየተንከባለለች ዶሊና ቦት ሥር ደረሰች። ዶሊና ረገጠቻት።

ከጅረቱ ዳር ያለው ሰው ከጢሱ ላይ ጥቁር ነገር ሲወጣ አየና በአንድ ድምፅ አጉረመረመ። ከዚያ ጠፋባቸው። አንገታቸውን ወደ ላይ እንዳደረጉ ጠበቁ፤ ምንም አልወረደም። ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ፤ የለም። ጅረት ውስጥ አዩ፤ የለም። ሮሪ ከወንበሩ ተነሥቶ በጆሮዬ ሥር ስታፏጭ አልፋለች አለ። ቄስ ፊንሌይ እንኳ፣ በሌላ ቀን ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው፣ ባሕሩ ላይ ውሃ ብን ሲል ያየሁ ይመስለኛል አሉ። ባሕሩ ላይ የተባለው ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ይመስለኛል የሚለው ቃል በመንገድ ቀረ። ሰዉ እያጨበጨበ ወደ መነሻው ተመለሰ። ካሜራው የያዘው ጢስ ብቻ ነው። ወይዘሮ ብሬምነር ዓይኗን ስትገልጥ ሁሉም አልቆ ነበር።

ኢነስ ይህን ሁሉ አልሰማም። ሮጦ ሄዶ የተገነጠለውን ሣር ከወደቀበት አንሥቶ፣ በክት ኮቱ አቅፎ አምጥቶ፣ ተንበርክኮ ወደ ቦታው እየመለሰው ነበር። ዶሊና ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው።

“ዝም በል። ባሕር ገብታለች እያሉ ነው።”

ያን ጊዜ ገባው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዝም ካለ ጡረታ የሚወጣው በፖርትስኬል ታሪክ ኳስ ከመነሻ ባሕር ያስገባ ብቸኛ ካፒቴን ተብሎ ነው። የልጅ ልጆች ይሰሙታል። ቤይን እየሳቀ ሊጨብጠው መጥቷል፤ ሮሪ ወንበሩን ተቀመጥባት ብሎ ዘርግቶለታል። ኢነስ አንገቱን ቀና ሊያደርግ ሲል ዓይኑ እንደ ልማዱ መሬት ላይ ቀረ። የዶሊና ቦት ታየው። ሰዉ በተጠጋ ቁጥር ዶሊና ኳሷ እንዳትታይ ክብደቷን እዚያው እግር ላይ እያደረገች ነው። ሌሊት ውሃ የጠጣው፣ አረም የበላው፣ እንደ ከፋይ የለሰለሰው ሣር ከቦቱ ሥር እየሰጠመ ነው። ጠርዙ ነጭ ሆኗል።

ሮሪ ስለ ፉጨቷ እያወራ ነው። ኢነስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ገለጠ። ቦቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል።

“ዶሊና” አለ፣ ሁሉም እንደሚሰማው ጮክ ብሎ፣ “እግርሽን አንሺ። ሣሩን እየወጋሽው ነው።”

ዶሊና ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አስተካከለች። ከዚያ እግሯን አነሣች። ኳሷ እንደ እንቁላል መሬት ውስጥ ተቀብራ፣ ነጭ አናቷን ብቻ አውጥታ ቁጭ ብላለች።

ሮሪ ኳሷን አየ፣ ሳህን የሚያህለውን ጉዳት አየ፣ ጆሮውን ዳበሰ። ቄስ ፊንሌይ ወደ ባሕሩ ዞር ብለው እንደገና ወደ ኳሷ ተመለሱ።

“ስለዚህ ያ ውሃ ብን ያለው…”

“ዓሣ ይሆናል፣ አባ” አለች ዶሊና።

መጀመሪያ የሳቀችው ወይዘሮ ብሬምነር ናት። ከዚያ ማን እንደቀጠለ አይታወቅም። ኢነስ ተንበርክኮ እንዳለ፣ ሣር ሲጎዳ ማየት ስለማልችል ነው፣ መጫወትም አልችልም፣ ችዬም አላውቅም አላቸው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነበር፤ አርባ ዓመት ይዞት የኖረ ነገር አይመስልም።

አሊስተር ቤይን ግን አልሳቀም። ፊቱ ድንገት ደብዳቤ እንደደረሰው ሰው ሆኖ ወደ መነሻው ወጣ። ከኳሷ ቦታ ተነሥቶ በእርምጃው እየለካ የራሱ ኳስ ያረፈችበትን፣ እያንዳንዱ የመንደሩ ልጅ የሚያውቀውን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ፊት ሄደ። ተመልሶም እንደገና ለካ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ኢነስን ከነጭቃው ከመሬት አንሥቶ አቀፈው።

“ወንድሜ” አለው። “ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ።”

ቄሱም ሊለኩ ሄዱ። የቀድሞ ካፒቴኖች ሁሉ ተሰልፈው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ መነሻውን ወዲያና ወዲህ ተመላለሱበት። ሁሉም በልጠውት ነበር። ሲመለሱ ሁሉም አንድ ጣት ያህል ረዝመው ተመለሱ።

ዶሊና ጠርሙሷን በደንቡ ከካፒቴኑ እጅ ተቀበለች። ከቤት አይወጣም ያለችውን እዚያው ከፍታ መጀመሪያ የቀዳችው ለቄስ ፊንሌይ ነው፤ የእርስዎ ነበር ብላ። እሳቸውም የፌዘኞችን ወንበር ከሮሪ ተውሰው ተቀምጠው ጠጡት።

ኢነስ ከአንድ ነገር በቀር በዚያ ዓመት ትእዛዝ አልሰጠም። እሱንም የሰጠው እዚያው፣ ብርጭቆው እየዞረ ሳለ ነው፤ ሁላችሁም አሁኑኑ ከሣሩ ላይ ውረዱ አላቸው።

ሻማ ሲያልቅ ዛሬ በፖርትስኬል የኢነስ ምት አህሏል ይባላል። ቤይን ይህን በሰማ ቁጥር አንድ ዙር ይጋብዛል። ባሕሩ ሲሸሽ ኢነስና ዶሊና ባልዲያቸውን ይዘው ወደ አሸዋው ይወርዳሉ፤ ቤይን አንዳንዴ ይከተላቸዋል፣ ሮሪም ወንበሩን ይዞ ጺማሞቹ እንስሳት ከሸሹበት አለት አጠገብ፣ በጣም ሩቅ፣ ይቀመጣል። ሳህን የሚያህለው ቁራጭ በሰኔ ሥር ሰደደ፤ አሁን የት እንደነበረ ማንም አያውቅም። የቦቱ ጉድጓድ ግን በጣት ሲዳሰስ ይገኛል። ኢነስ በዚያ ባለፉ ቁጥር ዶሊናን አስጎንብሶ ያስዳስሳታል።